ሙያቸው በልብ የቀረ የደሴ ሴቶች

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚለው ቃል እንደሚነገርለት ሰው ፆታ ትርጉሙን ይቀይራል። «ባለሙያ ነው» ሲባል መካኒክ፣ ግንበኛ ወይም ሐኪም ወደ አእምሯችን ይመጣል። «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን የምናስበው ወጧን ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የእሱ ሙያ ደመወዝ አለው፣ የእሷ ግን ምስጋና ብቻ ነው የሚያገኘው። በዚህ ላይ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። አለመመጻደቅን ለማስተማር መልካም አባባል ነው፤ ሆኖም በልብ ብቻ የተያዘ ሙያ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። የደሴ ሴቶች የሥራና የንግድ ታሪክ የገጠመው ይኸው ነው።

የደሴ ታሪክ ሲወራ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን ደሴ አሏት ይባላል። ከዚያ ንጉሥ ሚካኤልና አይጠየፍ አዳራሽ፣ ከዚያ የ1909 የሰገሌ ጦርነት፣ ከዚያ የ1928ቱ የጣሊያን ቦምብ፣ ከዚያ የአሰብ መንገድ ይከተላሉ። ሴት ከተነሳች ደግሞ የመሳፍንት ወገን ናት። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ በአገሯ ያሳለፈቻቸው የወሎዋ ወርቂት ትጠቀሳለች፤ የንጉሥ ሚካኤል ባለቤት ወይዘሮ ሸዋረጋ ይጠቀሳሉ። የእቴጌ መነን እናት የወይዘሮ ስኂን ስም እስካሁን በደሴው ትምህርት ቤት በር ላይ አለ። እነዚህ ስሞች መጻፋቸው ተገቢ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አዳራሹ «አይጠየፍ» የተባለው ሀብታም ድኻ ሳይለይ ስላበላ ከሆነ፣ እህሉን ያዘጋጀው ማነው?

የጥንቱ የግብር (የቤተ መንግሥት ግብዣ) ቤት የራሱ የሥራ ክፍፍል ነበረው። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት እየተባለ ይከፈል ነበር። ቋንቋውም ይህን ይመሰክራል፤ ጠጅ ይጣላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይጋገራል። ለእያንዳንዱ የተለየ ግሥ የወጣለት እያንዳንዱ የተለየ ሙያ ስለሆነ ነው። ጠጅ የምትጥል ሴት ሁሉ ጠላ ትጠምቃለች ማለት አይደለም።

ከጠጁ እንጀምር፣ ምክንያቱም ስህተቱ ውድ ነው። አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውኃ የተለመደው ልክ ነው፤ ቀጠን ያለ የሚፈልጉ እስከ አምስት እጅ ያደርሱታል። ማሩ ከነሰፈፉ በውኃ ተበጥብጦ ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣና ይገፈፋል። ከዚያ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ የጌሾ እንጨት ይቀቀልበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ጋኑ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ጌሾው ትኩስ እንዳለ ከተጨመረ ብርዙን የሚያፈላው እርሾ ይሞትና ጠጁ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጌሾው ከበዛ ወይም ከልክ በላይ ከቆየ ይመራል። ቆላ ላይ ከዚህ በኋላ አምስት ቀን ሊበቃው ይችላል። ብርድ ባለበት ደጋ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ይጠይቃል። በብዙ እንስራ የሚቆጠር ጠጅ ለአንድ ቀን ግብር እንዲደርስ ያደረገች ሴት ወደ ኋላ ቆጥራ መጀመር ነበረባት፤ የማሩን ዓይነት፣ የወሩን ብርድ፣ የጋኑን ዕድሜ አስባ። ዛሬ ይህን ዓይነቱን ሥራ የምርት ዕቅድ እንለዋለን።

ጠላ የደሴን ተራ ሰው ያጠጣ፣ የብዙ ቤት ልጆችን ያሳደገ ሥራ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መነሻው ብቅል ነው። ገብስ ወይም ስንዴ አንድ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፋል፣ ውኃው ይጠለላል፣ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ ክብደት ይጫንበታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጎነቁላል፤ ሥሩ እርስ በርሱ ሲጠላለፍ ተነስቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንድ ቀን ከተዘገየ ቡቃያው የእህሉን ጉልበት በልቶት ይገኛል፣ ብቅሉም ይደክማል። በደንብ ሳይደርቅ ከተከተተ ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተ ብቅል የገባበትን ጠላ ምንም አያድነውም።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ይታጠናል። ማጠኑ ለሽታ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሸክላ ግን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው፣ ያለፈው ጠላ ርዝራዥ እዚያ ውስጥ ይቀራል፤ ጭሱ የሚገባው እስከዚያ ድረስ ነው። በደንብ ያልታጠነ ጋን ጠላውን በጥቂት ቀን ያሆመጥጠዋል።

ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ተነክሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ይህ ጥንስስ ነው። የብቅል ዱቄትና ጠቆር ተደርጎ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል። ይህ ደግሞ ሲነሳ፣ ማለትም አረፋ ሲያወጣና ጆሮ ሲያስጠጉት ፍል ፍል ሲል፣ እንኩሮው ይጨመራል። እንኩሮ ተቆልቶ የተፈጨ አሻሮ በውኃ ርሶ ምጣድ ላይ እየተማሰለ የበሰለ ነው። የጠላው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ አሻሮው ቢያርር ጠላው ይመራል፣ ሳይጠቁር ቢቀር ነጣ ብሎ ሆድ ይነፋል። ሁሉም ተደባልቆ ወፍራሙ ድፍድፍ ተከድኖ ይሰነብታል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላበትና አፉ ይታሸጋል። ሳይጠልል የሚጠጣው ጉሽ፣ ተጣርቶ የወጣው ጠንካራው ፊልተር፣ ድጋሚ ውኃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው። አተላው ለከብት ይሄዳል፤ ከብት አርቢ ጎረቤት ያላት ጠማቂ አተላውን ሸጣ የማገዶዋን ወጪ ትቀንሳለች። ከአንድ ጋን ይህን ሁሉ ታወጣለች፣ የሚጣል ነገር የለም።

አሁን የቦታውን ነገር እንጨምርበት። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቃ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ በዚህም የተነሳ 4 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። ባቲ ደግሞ ከሷም ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ያው ጌሾ፣ ያው ብቅል፣ ያው እጅ ሆኖ፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚነሳው ጥንስስ ደሴ ላይ በሐምሌ ጉም አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሄደች ጠማቂ የለመደችውን ቀን ከጠበቀች ጠላዋ ያልፍባታል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የመጣችዋ ካልታገሠች ያልደረሰ ጠላ ታቀርባለች። የደሴዋ ጋኗን ወደ ምድጃው ታስጠጋለች፣ በጆንያ ትጠቀልላለች። ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ የላትም፤ በጆሮዋ፣ በአፍንጫዋና በመዳፏ ትለካለች። በእኔ እምነት ይህ ከተማረ ጠማቂ ዕውቀት የሚያንስ አይደለም፣ ልዩነቱ አለመጻፉ ነው።

የዚህች ሴት የንግድ ምልክት ምን ነበር? በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። ያየ ሁሉ ጠላ እንዳለ ያውቃል። የወንዱ ሱቅ በር ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፍ ነበር፣ የንግድ ፈቃዱም በስሙ ይወጣ ነበር። ጣሳው ግን የማንንም ስም አይናገርም። የከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መዝገብ ሲያገላብጥ ነጋዴዎቹን ያገኛል፣ ጣሳ ሰቃዮቹን አያገኝም።

ወሎ ነውና ነገሩ በጠላ አያልቅም። አንድ ግቢ ውስጥ ጠላ የሚጠመቅበት ቤትና ጠላ የማይገባበት ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ሠርግ ሲደገስ ሥጋው በሁለት ድስት እንደሚሠራ ሁሉ መጠጡም ለሁለቱም ወገን ይታሰባል። ለሙስሊሙ ወገን የሚቀርበው ቃሪቦ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። ገብሱ ከጠላው በበለጠ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጣራል፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግስቱ ስኳር ይጨመርና ይቀዳል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ሳይቀዘቅዝ እርሾ ከገባበት አይነሳም፣ ቀን ከተጨመረለት ደግሞ ወደ አልኮል ያዘነብላል፤ የተሠራበት ምክንያት ያኔ ይፈርሳል። ስለዚህ ቃሪቦ የምትሠራ ሴት ድግሱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ማታ ነው የምትጀምረው፣ ቀድማ መጨረስ አትችልም። ዱበርቲዎች (በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች) የሚቀመጡበት የወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ቡናም፣ አቦል ቶና በረካው፣ ጭሱ፣ ቄጤማው፣ እንዲሁ በአንዲት ሴት እጅ ላይ የሚውል የሰዓታት ሥራ ነው።

ከመጠጡ ይልቅ የተረሳው ግን ፈትል ነው።

ጋቢ ያየ ሰው «የሸማኔው እጅ ይባረክ» ይላል። ሸማኔው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ያለፈውን ግን ማን ይቆጥራል? ፍሬ ጥጥ ከቆላ ይመጣል፤ ሰኞ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ሰው የሚገናኝበት፣ ቆላና ደጋ ዕቃ የሚለዋወጡበት ነው። ሴቲቱ ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግታ መዳመጫ በሚባለው ቀጭን ብረት እየዳመጠች ፍሬውን ታስወጣለች። ብረቱን አጥብቃ ከተጫነች ፍሬው ይፈነዳል፣ ዘይቱ ጥጡን ይበክላል፣ ስባሪው እስከ ልብሱ ድረስ ይከተላል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። አመልማሎው በግራ እጅ፣ እንዝርቱ በቀኝ እጅ፣ ከዚያ መሳብና ማሾር ነው። የተፈተለው ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል።

ድርና ማግ አንድ ዓይነት ክር አይደሉም። ድሩ ሸማኔው የሚወጥረው ስለሆነ ጠንካራና በደንብ የከረረ መሆን አለበት። ማጉ በመወርወሪያ የሚመላለሰው ነው፤ ላላ ቢል ልብሱን ያለሰልሰዋል። ክሩ ከልክ በላይ ከከረረ ይኮማተርና ይጠላለፋል። ካልከረረ ሸማኔው እየቀጠለ ይውላል። ወፈር ቀጠን ካለ ልብሱ ላይ ሽንትር ይወጣል፣ ታጥቦም አይጠፋም። የፋብሪካ ክር ገበያውን ሲይዝ መጀመሪያ የወሰደው ድሩን ነው፣ ለማጉ ግን የእጅ ፈትል እስከ ዛሬ ይፈለጋል። በ1970ዎቹ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም ከዚሁ አካባቢ ሴቶች ማሽን ላይ የቆሙ ነበሩ። ክር ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ይዞ መቀጠል ለእንዝርት ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።

የክፍያውም ነገር መነገር አለበት። ፈትል በክብደት ሲሸጥ ቀጭን ፈታይ ትጎዳለች። ከአንድ ኪሎ ጥጥ የሚወጣው ክር በሁለት እጥፍ ቢረዝም፣ ማለትም በዚያው ልክ ቢቀጥን፣ ሚዛኑ ላይ ያው አንድ ኪሎ ነው፤ ጣቷ የሠራው ግን እጥፍ ነው። ኩታ ባለ ሁለት፣ ጋቢ ባለ አራት ድርብ ስለሆነ ለአንድ ጋቢ የሚገባው ክር ብዙ ነው። ሸማኔው በቀናት ውስጥ የሚጨርሰውን ክር አንዲት ሴት ከቤት ሥራዋ በተረፈ ሰዓት ለመፍተል ወራት ይፈጅባታል። ልብሱ ሲሸጥ ዋጋው የሚነገረው በሸማኔው ስም ነው። ይህ ዛሬም አልተስተካከለም፣ መስተካከል አለበት እላለሁ፤ ቢያንስ የፈትል ዋጋ በቅጥነት ደረጃ መውጣት ይችላል፣ ገዢውም ልዩነቱን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።

ወደ ገበያው እንውጣ። እንደ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ ንግዷን በሰፈሯ ስም ተሸክማለች። ጅምላ ነጋዴው፣ ባለ መጋዘኑ፣ ባለ መኪናው ይታወቃል። ጉልት ላይ የምትቀመጠዋ ግን «ቸርቻሪ» ተብላ ትታለፋለች፤ ሥራዋ ደግሞ ሒሳብ ነው። 20 ኪሎ ቲማቲም ኪሎውን በ40 ብር ወሰደች እንበል፣ 800 ብር አወጣች። 3 ኪሎው ከተበላሸባት በ17 ኪሎ 800 ብር መመለስ አለባት፤ ኪሎውን በ47 ብር ሸጣ እንኳ ትርፍ የላትም። ስለዚህ ገና ሳትቀመጥ ትለያለች። የበሰለውን ለዛሬ ወጥ ለሚፈልግ አስቀድማ፣ ጠንከር ያለውን ለነገና ለተነገ ወዲያ ታስቀራለች። በኪሎ ሳይሆን በመደብ የምትሸጠውም ለዚህ ነው፤ መደቡ ላይ አንድ ለስላሳ ከሦስት ጠንካራ ጋር ይሄዳል፣ ጥቂት ብር ብቻ የያዘም ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ዝናብ ሲመጣ መሸፈኛ፣ ፀሐይ ሲበረታ እርጥብ ጆንያ ያስፈልጋል። የከተማው ድኻ ምሳ የሚበላው በእነዚህ ሴቶች ክፍልፋይ ነው።

ካፒታሉ ደግሞ ከዕቁብ ይመጣል። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ 200 ብር ቢጥሉ ዕጣው 4,000 ብር ይሆናል፣ በ20 ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ የደረሳት ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው፣ መጨረሻ የደረሳት ደግሞ ቆጠበች። አደጋው ግልጽ ነው፤ ቀድማ ወስዳ የምታቆም ሴት ትኖራለች። ስለዚህ ዕጣ የወጣላት ዋስ ጠርታ ነው ገንዘቡን የምትቀበለው፣ ዋሷም አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልደረሳት አባል ናት፤ የዋሷ ገንዘብ ውስጥ ስላለ መያዣው እሱ ነው። ባንክ በር ላይ መያዣ የተጠየቁ ሴቶች መያዣውን እርስ በርሳቸው አደረጉት። የዕቁብ ዳኛዋ ሥራ ደብተር መያዝ ብቻ አይደለም፤ ልጇ የታመመባት ተራዋን ከሌላ ጋር እንድትለዋወጥ ትሸመግላለች።

በአሰብ መንገድ ዘመን፣ እስከ 1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ፣ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል የሚወርደው ሾፌርና ረዳት የሚበላበት፣ የሚያድርበት፣ ልብሱን የሚያሳጥብበት ቤት አብዛኛው የሴት ቤት ነበር። ወደቡ ሲዘጋ ስለ ጭነት ድርጅቶች ተወራ። እንጀራዋን ለማን እንደምትሸጥ የጠፋት ሴት ግን ወሬ አልሆነችም። አንዳንዷ ምጣዷን ይዛ ወደ ሌላ መንገድ ሄደች፣ አንዳንዷ ጉልት ወጣች።

ይህን የሴቶች ታሪክ ለመጻፍ ለሚነሳ ሰው አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገር። እናቶች ሲጠየቁ «በእጅ ልክ ነው»፣ «ዓይኔ ያውቀዋል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ስለዚህ በቃል ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ሚዛን ይዞ መሄድ ነው። የጌሾው ከረጢት ሳትዘግን ይመዘናል፣ ከዘገነች በኋላ ይመዘናል፤ ልዩነቱ «የእጇ ልክ» ነው። ይህ ሦስት ጊዜ ቢደረግ፣ የእጇ ልክ ምን ያህል እንደማይዛነፍ ማየት ይቻላል። ጋኑ ስንት ጣሳ ውኃ እንደሚይዝ ይቆጠር። ወሩ፣ ሰፈሩ፣ ጥንስሱ የተነሳበት ቀን ይጻፍ። በድምፅ ሲቀዳ ቃላቶቹን ማረም አያስፈልግም፤ እሷ ባለችው ይቀመጥ። ስሟን ለማስጻፍ ፈቃደኛ መሆኗም ይጠየቅ፣ ፈቃደኛ ከሆነች ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ይግባ፤ «የእገሌ እናት» ተብላ እንዳትቀር።

ከዚያ «ጋኑን ከማን ገዙት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ይወስዳል፣ እሷ ደግሞ ከሁሉም በላይ የተገፋች ናት። አፈሩን ቆፍራ ተሸክማ ያመጣችው፣ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ደባልቃ ያቦካችው፣ ያለ መንኰራኩር በእጇ ዙሪያውን እየገነባች ያቆመችው፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብላ ያደረቀችው እሷ ናት። ውስጡ ትንሽ እርጥበት ከቀረ እሳት ላይ ይፈነዳልና የሳምንት ሥራ በአንድ ድምፅ ይጠፋል። ጋኗን ሁሉም ቤቱ አስገብቶ ይጠጣበታል። ለዘመናት ግን እሷን «ቡዳ ናት» ብለው ቤት አላስገቧትም፣ ልጇን ልጃቸው እንዳያገባ ከለከሉ። ደሴ ውስጥ የቆየ ጋን ያለበት ቤት ሁሉ የእሷ ጣት ምልክት አለው፤ ጋኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አንገቱ ሥር ለሚያይ ሰው የተጠቀለለው ጭቃ የተጋጠመበት መስመር ላይ የአውራ ጣቷ ጉድጓድ ይታየዋል።